ሚስ ሲልቪያ ፓንክረስትና ጋዜጣዋ

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የማርሻል ባዶሊዮ ጦር አዲስ አበባ ገባ። በዚያው ሳምንት በሎንዶን ዳርቻ ዉድፎርድ ከምትባል መንደር «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የሚባል አዲስ ጋዜጣ ወጣ፤ ትርጓሜውም «አዲስ ዘመንና የኢትዮጵያ ወሬ» ማለት ነው። የጋዜጣው ባለቤትና አዘጋጅ ሚስ ሲልቪያ ፓንክረስት ነበረች። ጠላት ወደ ከተማይቱ የገባበት ቀን በፈረንጆች አቆጣጠር ሜይ 5 ስለ ሆነ የልደቷ ቀን ነበር፤ 54 ዓመት ሞላት። በሌላ አገር ጋዜጣ የሚቋቋመው መንግሥት ሲጸና፣ ንግድ ሲሰፋ፣ አንባቢ ሲበዛ ነው፤ ይህ ግን የተቋቋመው የሚናገርላት አገር በወደቀችበት ሳምንት ነው። በዚያን ጊዜ በአውሮፓ ብዙ ሰዎች የኢትዮጵያ ነገር አበቃ ብለው ፊታቸውን ወደ ሌላ ወሬ አዙረው ነበር።

ይህችን ሴት የኢትዮጵያ ሕዝብ የሚያውቃት በዚህ ጋዜጣ ነው። ነገር ግን ለዚህ ሥራ የደረሰችው ብዙ ነገር አጥታ ነው፤ ያጣችውንም ያሳጣት አብዛኛውን ጊዜ ያው ብዕሯ ነበር።

በ1874 ዓ.ም. በማንቸስተር ከተማ ተወለደች። አባቷ ዶክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ጠበቃ ነበረ፤ እናቷ ኤመሊን ፓንክረስት በእንግሊዝ አገር ሴቶች እንደራሴ ለመምረጥ ድምፅ እንዲሰጡ በመታገል ስሟ በዓለም የተጠራ ናት። ሲልቪያ በወጣትነቷ የተመኘችው ጋዜጠኛ መሆንን ሳይሆን ሠዓሊ መሆንን ነው። በማንቸስተር የሥዕል ትምህርት ቤት፣ ኋላም በሎንዶን በንጉሣዊው የሥነ ጥበብ ኮሌጅ ተማረች። በ1899 ዓ.ም. በሰሜን እንግሊዝና በስኮትላንድ እየዞረች በፋብሪካና በእርሻ ቦታ የሚሠሩትን ሴቶች ሣለች፤ ከነዚያ ሥዕሎች አንዳንዶቹ ከመቶ ዓመት በኋላ በሎንዶን በታላቁ የሥዕል ቤተ መዘክር ተቀምጠዋል። ብሩሿን ይዛ ብትቀጥል ኖሮ ከዘመኑ ታላላቅ ሠዓልያን ጋር ትቆጠር እንደ ነበር ሥዕሎቿን ያየ ሰው አይጠራጠርም። እርስዋ ግን የተራበ ሕዝብ በሞላበት አገር ሥዕል እየሣሉ መቀመጥ ይገባልን? ብላ ራሷን ስትጠይቅ ኖራ፣ በመጨረሻ የቀለሙን ሳጥን ዘጋችው።

እናቷና ታላቅ እኅቷ ክሪስታቤል በ1896 ዓ.ም. ባቋቋሙት የሴቶች ማኅበር ውስጥ ስትሠራ በ1899 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ታሰረች። ከዚያ በኋላ እስር ቤት ሁለተኛ ቤቷ ሆነ። በ1905 ዓ.ም. ሆሎወይ በሚባለው ወህኒ ቤት እህል አልቀምስም ባለች ጊዜ ዘበኞች እጅና እግሯን ይዘው፣ አፏን በብረት ፈልቅቀው፣ የጎማ ቧንቧ በጉሮሮዋ እየሰደዱ ምግብ ያፈሱባት ነበር። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ መንግሥት እስረኛይቱ በረኀብ ስትደክም ይለቃት፣ ሲሻላት ደግሞ መልሶ ይይዛት ዘንድ ሕግ አወጣ፤ ሕዝቡም «የድመትና የአይጥ ሕግ» ብሎ ጠራው። በዚህ ሕግ ሲልቪያ ደጋግማ ወጣች፣ ደጋግማም ገባች። እህል ብቻ ሳይሆን ውኃም እምቢ ትል ነበር፤ እንቅልፍም እንዳይወስዳት በክፍሏ ውስጥ ስትመላለስ ታድራለች። ሰውነቷ ከዚያ ወዲያ ፈጽሞ እንደ ቀድሞው አልሆነም።

ከእናቷና ከእኅቷ ጋር የተለያየችውም በዚሁ ዘመን ነው። እነርሱ ትግሉ በሀብታሞቹና በተማሩት ወይዛዝርት እንዲመራ ፈለጉ፤ እርስዋ ደግሞ በምሥራቅ ሎንዶን ድኾች ሰፈር ተቀምጣ የልብስ ሰፊዎቹንና የአጣቢዎቹን ሴቶች ሰበሰበች። በ1906 ዓ.ም. ክሪስታቤል ወደ ነበረችበት ወደ ፓሪስ አስጠርተው ከማኅበሩ መውጣቷን ነገሯት። ሲልቪያም ከሁለት ወር በኋላ የራሷን ጋዜጣ አቋቋመች፤ ስሙንም «ዎመንስ ድሬድኖት» አለችው። ድሬድኖት በዘመኑ ለነበረ ታላቅ የጦር መርከብ የወጣ ስም ሲሆን ቃሉ «ምንም የማይፈራ» እንደ ማለት ነው። ብዙም ሳይቆይ ታላቁ የአውሮፓ ጦርነት ተነሣ። እናቷና እኅቷ ለጦርነቱ ወታደር ሲቀሰቅሱ፣ እርስዋ በጋዜጣዋ ጦርነቱን ተቃወመች፤ በሰፈሩም ለድኾች በርካሽ ዋጋ የሚሸጥ ምግብ ቤት፣ ለሥራ አጥ ሴቶች የአሻንጉሊት ፋብሪካ፣ ለሕፃናትም መዋያ ከፈተች። መዋያው ቀድሞ መጠጥ ቤት ነበረ፤ «የጠመንጃ ሠሪዎች» የሚለውን ስሙን ፍቃ «የእናቶች» አሰኘችው። እናቷ ግን የልጇን ሥራ በዐደባባይ ካደች።

በ1912 ዓ.ም. ሞስኮ ወርዳ ከሌኒን ጋር ተከራከረች። በተከታዩ ዓመት በጋዜጣዋ በወጡ ጽሑፎች ምክንያት ሕዝብን ለሁከት አነሣሥታለች ተብላ ስድስት ወር ተፈረደባት። ከእስር ስትወጣ የእንግሊዝ ኮሚኒስቶች ጋዜጣሽን ለፓርቲው አስረክቢ አሏት፤ አላስረክብም ብትል እነርሱም አባረሯት። የዚህች ሴት ጠባይ በዚህ ይታወቃል። እናቷም እኅቷም፣ መንግሥትም ፓርቲም፣ ሁሉም በየተራው ጋዜጣዋንና ወገኗን በሁለት እጅ አቅርበው ምረጪ አሏት፤ እርስዋም በየተራው ጋዜጣዋን መረጠች። ይህን ጽናት የሚሉት አሉ፣ እልኸኝነት የሚሉትም አሉ፤ ምናልባት ሁለቱም እውነት ነው። ጋዜጣዋ በ1916 ዓ.ም. በገንዘብ እጦት ተዘጋ።

ከዚህ በኋላ የደረሰባት ነገር ከእስር ቤቱ ሁሉ የከበደ ነው። ሲልቪዮ ኮርዮ ከሚባል ኢጣልያዊ ስደተኛ ጋር ትኖር ነበር። ይህ ሰው በሙያው ፊደል ለቃሚና አታሚ፣ በአሳቡም የፋሺስት ብርቱ ጠላት ነበረ። በኅዳር 1920 ዓ.ም. በ45 ዓመቷ ወንድ ልጅ ወለደች፤ በአባቷ ስም ሪቻርድ አለችው። ያለ ጋብቻ የተወለደ ልጅ በዘመኑ በእንግሊዝ አገር ታላቅ ነውር ነበረ፤ እርስዋ ግን ስሜን ለባል ስም አልለውጥም በማለት አልተጋባችም። እናቷ በዚያ ጊዜ በወግ አጥባቂዎቹ ፓርቲ በኩል ለምክር ቤት ለመወዳደር በኋይትቻፕል ተዘጋጅታ ነበር። በ1920 ዓ.ም. በፋሲካ ሰሞን ወሬው በአንድ የእሑድ ጋዜጣ ወጣ፤ ለጋዜጣውም ቃሏን የሰጠችው ሲልቪያ ራሷ ናት። የምታምንበትን ነገር በስውር ማድረግ አትችልም ነበር፤ ነገር ግን 25 ዓመት ሙሉ በዐደባባይ ስትሰደብ ለኖረች ለአሮጊት እናቷ ይህ ዐዲስ ስድብ ምን ያህል እንደሚከብዳት የማሰቡ ጊዜ ሳያገኛት ቀረ። ኤመሊን ፓንክረስት ልጇንም የልጅ ልጇንም ለማየት አልፈቀደችም፤ ሰኔ 7 ቀን 1920 ዓ.ም. ሳይታረቁ ሞተች። ሴቶች ሁሉ ከወንዶች እኩል ድምፅ እንዲሰጡ የሚፈቅደው ሕግ የጸደቀው በ18ኛው ቀን ነው። እናትና ልጅ ዕድሜያቸውን ያፈሰሱበት ድል ሲመጣ አንዷ በመቃብር፣ አንዷ በኀዘን ነበሩ።

የፋሺስትን ክፋት ሲልቪያ ያወቀችው ከብዙ እንግሊዛውያን ቀድማ ነው። የኢጣልያው እንደራሴ ጃኮሞ ማቴዎቲ በ1916 ዓ.ም. በሙሶሊኒ ሰዎች እጅ ከተገደለ በኋላ፣ በዘበኛ ተከብባ ስለምትኖረው ስለ ሚስቱ የሚሟገት የሴቶች ኮሚቴ አቋቋመች። የእንግሊዝ መንግሥት የቦምብ አውሮፕላን እንዳይከለከል በዓለም ስብሰባ ሲከራከር ባየች ጊዜም በዉድፎርድ መንገድ ዳር በተወርዋሪ ቦምብ መልክ የተቀረጸ የድንጋይ ሐውልት አስተከለች። ወዲያው ያ አውሮፕላን ቦምብና የመርዝ ጢስ ይዞ በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ ታየ።

«ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የተዘጋጀው በቢሮ ሳይሆን በመኖሪያ ቤቷ ነው። እርስዋ ሌሊቱን ትጽፋለች፤ ኮርዮ ገጹን ያሰናዳል፣ በብዕር ስምም ይጽፋል፤ ትንሹ ሪቻርድም በወረቀት ክምር መካከል አደገ። በሎንዶን የኢትዮጵያ ሚኒስትር የነበሩት ሐኪም ወርቅነህ ጋዜጣው እንዲቆም ረዱት። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ግንቦት 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ሎንዶን በደረሱ ጊዜ ሲልቪያ ከተቀባዮቹ መካከል ነበረች። የምትረዳቸው ንጉሠ ነገሥት ስለ ሆኑ ሳይሆን ነገራቸው እውነተኛ ስለ ሆነ መሆኑን በግልጥ እንደ ነገረቻቸው ልጇ ጽፏል። በእንግሊዝ ንጉሥ መንግሥት ስትታሰር የኖረች ሴት እንዲህ ብትናገር አያስደንቅም። ንጉሠ ነገሥቱ በትሕትና መስማታቸው ግን ሊታወስ የሚገባው ነው።

ጋዜጣው የየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የአዲስ አበባን እልቂት፣ የአርበኞችን ውጊያ፣ የጄኔቩን ማኅበር ስብሰባ፣ የስደተኞችን ችግር በየሳምንቱ አወጣ። ቴሌቪዥን ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1957 ዓ.ም. ነውና፣ በዚያ ዘመን በአዲስ አበባ ጎዳና የወደቀውን ሬሳ ለዓለም የሚያሳይ ሌላ መስኮት አልነበረም፤ ከጅቡቲና ከሱዳን በድብቅ የሚመጣ ደብዳቤና ፎቶግራፍ ብቻ ነበረ። ለእንግሊዝ ምክር ቤት ሰዎች ትልካለች፤ ለሚኒስትሮች ደብዳቤ ትጽፋለች፤ መልስ ካልመጣ ደግማ ትጽፋለች። በምዕራብ አፍሪቃና በካሪብ ባሕር ደሴቶች የነበሩ ጥቁር ሕዝቦችም ጋዜጣውን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ያነቡት ነበር።

ከሁሉ የከፋው ዘመን 1930 እና 1931 ዓ.ም. ነው። የእንግሊዝ መንግሥት ከሙሶሊኒ ጋር ስምምነት አድርጎ የኢጣልያን ንጉሥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ብሎ ዐወቀ። ስለ ኢትዮጵያ የሚጽፍ ሰው ከዚያ ወዲያ ስለ ሌለች አገር እንደሚያወራ ሞኝ ተቈጠረ። ሲልቪያ ግን አንድ ሳምንት እንኳ የኢትዮጵያን ስም ከጋዜጣዋ ራስ አላነሣችም። አርበኞቹ በዱር በገደሉ ሆነው መንግሥት አልሞተም ሲሉ፣ እርስዋ ይህንኑ ቃል በሎንዶን በቀለም ትጽፈው ነበር። ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ሙሶሊኒ በእንግሊዝ ላይ ጦርነት ባወጀ ማግስት፣ ትናንት ሞኝ ያሏት ሰዎች የእርስዋን ቃል መናገር ጀመሩ። ጋዜጣው በወጣ በአምስተኛው ዓመት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ፤ ያም ቀን እንደ ገና የልደቷ ቀን ነበር።

ጋዜጣው ነቀፋ የለበትም ማለት አይቻልም። ከጅቡቲ የሚመጣው ወሬ አንዳንድ ጊዜ የአርበኞቹን ድል ከመጠን በላይ ያበዛው ነበር፤ አዘጋጇም ለተበደለው ወገን ካላት ፍቅር የተነሣ ሁሉን ሳትመረምር አትማዋለች። የዱሮ ጓደኞቿም ዘውድን ስትቃወም የኖረች ሴት ስለ አንድ ዘውዳዊ መንግሥት ጕድለት አንድ ቃል አለመጻፏ ገርሟቸዋል። ስለ ኤርትራም ስትጽፍ ከኢትዮጵያ ጋር ለመዋሐድ የሚፈልጉትን ብቻ ሰማች፤ ሌላ አሳብ የነበራቸውን ኤርትራውያን ቃል እንደሚገባ አልመዘነችም። ኋላ የተከተለውን የብዙ ዓመት ደም ያየ ትውልድ ይህን ጕድለት አቅልሎ ሊያየው አይችልም።

ከድል በኋላ ጋዜጣዋን ትዘጋለች ተብሎ ቢጠበቅ እርስዋ ብዕሯን ወደ ራሷ መንግሥት አዞረች። እንግሊዝ ኦጋዴንንና ሌሎች የኢትዮጵያ ቦታዎችን በጦር አስተዳደር ስም ይዛ በቈየች ጊዜ፣ ነጻ አወጣን ያሉትን አገር ለምን አትለቁም ብላ ሞገተች። የእንግሊዝ ወታደሮች በኤርትራ ወደቦች የነበሩትን ሕንፃዎችና መሣሪያዎች እየነቀሉ ሲወስዱም ይህንኑ በመጽሐፍ አሳተመች። የሎንዶን የውጭ ጉዳይ ሹማምንት ደብዳቤዋ በመጣ ቁጥር ይማረሩ ነበር፤ የስለላው መሥሪያ ቤትም ስለ እርስዋ መዝገብ ይዞ እንደ ተከታተላት ኋላ የተገለጡት ወረቀቶች ያሳያሉ። በኢትዮጵያ ስለ ሠሩት ግፍ ግራዚያኒና ባዶሊዮ ለፍርድ እንዲቀርቡ የጻፈችው ግን ፍሬ አላገኘም።

ከሥራዋ ሁሉ ያለ ክርክር የቆመላት የልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ነው። ልዕልት ፀሐይ በስደት ዘመን በሎንዶን የሕፃናት ሆስፒታል አስታማሚነት ተምራ፣ ወደ አገሯ ተመልሳ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በነቀምት በወሊድ ምክንያት ዐረፈች፤ ገና በወጣትነቷ ነበር። ሲልቪያ የመታሰቢያውን ገንዘብ ለመሰብሰብ ጸሐፊ ሆና ለብዙ ዓመታት ደከመች። ሆስፒታሉም በ1944 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተከፈተ፤ በኋላ ዘመን የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የተባለው ይህ ነው። ከእናቷ ጋር ሳትታረቅ የቀረች፣ ልጇንም በዕድሜዋ ማታ የወለደች ሴት፣ በወሊድ ለሞተች የሰው ልጅ ይህን ያህል መድከሟ ምናልባት በልቧ የነበረውን ሌላ ኀዘን ያሳይ ይሆናል።

በጥር 1946 ዓ.ም. ኮርዮ ሞተ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ እርስዋም በልብ ሕመም ወድቃ ነበር፤ ያን ጊዜ በአሜሪካ የምትኖረው ክሪስታቤል ከብዙ ዓመት ዝምታ በኋላ ደብዳቤ ጻፈችላት። ቂሙ በወረቀት ላይ በረደ። በ1948 ዓ.ም. ሃያ ዓመት የቆየውን ጋዜጣ ዘጋች፤ ቤቷንም ለቀቀችና በንጉሠ ነገሥቱ ግብዣ ከልጇ ጋር ወደ አዲስ አበባ መጣች። ዕድሜዋ 74 ነበር። በዚያ ዕድሜ ሌላው ሰው ወደ ትውልድ መንደሩ ሲመለስ እርስዋ ትውልድ አገሯን ተወች። ሪቻርድ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አስተማሪ ሆነ። እርስዋ ደግሞ በ1949 ዓ.ም. «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» የሚባል ወርኃዊ መጽሔት አቋቋመች። ይህ መጽሔት ከፊተኛው ጋዜጣዋ የተለየ ነው፤ ክርክሩ ቀንሶ ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ሆስፒታል፣ ስለ አብያተ ክርስቲያናት፣ ስለ ሥዕልና ስለ ኢትዮጵያ ሴቶች ኑሮ የሚተርክ ሆነ። የተዘጋው የቀለም ሳጥን ከ45 ዓመት በኋላ በሌላ መልክ የተከፈተ ይመስላል።

መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም. የመስቀል በዓል ዕለት በአዲስ አበባ ሞተች። ሥርዐተ ቀብሯም ግርማዊ ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተፈጸመ። በዚህ ላይ አንድ ነገር አስቸገረ፤ ሲልቪያ በሃይማኖት ያደገች አልነበረችምና በጸሎቱ ላይ ካህናቱ የሚጠሩት ስመ ክርስትና አልነበራትም። ስለዚህ «ወለተ ክርስቶስ» ተባለች። እናቷ የነፈገቻትን ልጅነት ቤተ ክርስቲያን በስም ሰጠቻት። ያረፈችውም በካቴድራሉ ፊት ለአርበኞች በተለየው ቦታ ነው፤ ጠመንጃ አንሥታ አታውቅም።

መጽሔቷን ሪቻርድና ሚስቱ ሪታ ለብዙ ዓመታት አዘጋጁት። ሪቻርድ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የመጀመሪያ ዳይሬክተር ሆኖ በታሪክ ብዙ መጻሕፍት ጻፈ፤ የአክሱም ሐውልት ከሮማ እንዲመለስም ለዓመታት ተሟገተ፤ ሐውልቱም በ1997 ዓ.ም. ተመለሰ። በየካቲት 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲሞት እርሱም በዚያው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ።